ሁለት ስም ያለው ቅድመ አያት

በኩቤክ የሚኖር ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳዊ፣ ገበሬም ይሁን ባለሱቅ፣ ብዙ ጊዜ ቅድመ አያቶቹን እስከ 1600ዎቹ ድረስ በስም መቁጠር ይችላል (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኩቤክ ከተማ በ1608 ተቆርቁራ ብዙም ሳይቆይ የካቶሊክ ካህናት የተጠመቀውን፣ የተጋባውንና የተቀበረውን በአጥቢያ መዝገብ ማስፈር ጀመሩ። የከተማዋ የመጀመሪያ መዝገቦች በ1640 ቤተ ክርስቲያኑ ሲቃጠል ስለጠፉ፣ ከሰዎች ትዝታ ተሰባስበው እንደገና ተጻፉ። ኋላ የፈረንሳይ ንጉሥ ሕግ መዝገቡ በሁለት ቅጂ እንዲያዝ አዘዘ፤ አንዱ በአጥቢያው ይቀመጣል፣ ሌላው ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። እንግሊዞች በ1760 አገሩን ሲይዙም ልማዱ አልተቋረጠም። የቤተ ክርስቲያን መዝገብ እስከ 1993 መጨረሻ ድረስ የመንግሥትም ማስረጃ ነበር።

ፍለጋው የሚያያዘው በጋብቻ ነው። የጋብቻ ጽሑፉ በአብዛኛው የሙሽራውንም የሙሽሪትንም ወላጆች ስለሚጠራ፣ አንድ ጋብቻ ያገኘ ሰው ወደ ወላጆቹ ጋብቻ ይወጣል፤ ከዚያም ወደ አያቶቹ። ሴቲቱ አግብታም በመዝገቡ ላይ የምትጠራው በአባቷ ቤተሰብ ስም ስለሆነ የእናት ወገን አይሰወርም። ከ1663 እስከ 1673 ንጉሡ ለትዳር ወደ ቅኝ ግዛቱ የላካቸው ወደ 800 የሚጠጉ ሴቶች፣ ‘የንጉሡ ልጆች’ የተባሉት፣ ዛሬ በስማቸው የሚታወቁት በዚህ ምክንያት ነው።

የሚያስቸግረው ስሙ ነው። ብዙ ቤተሰብ ሁለት መጠሪያ ነበረው፤ በመካከላቸው ‘ዲ’ የምትል ቃል ትገባለች፣ ‘የሚባለው’ ማለት ናት። ወታደሩ በጦር ሰፈር ቅጽል ይወጣለት ነበር፦ ሳንሱሲ (ጭንቀት የለሽ)፣ ላፍለር (አበባው)፣ አልፎ ተርፎም ትራንሽሞንታኝ (ተራራ ቆራጩ)። በ1665 የመጣው የካሪኛን-ሳልዬር ክፍለ ጦር ብዙ እንዲህ ያሉ ስሞች ትቶ አልፏል። ሌላው ከመጣበት አገር ይጠራል፤ ላንዥቨን ማለት የአንዡ ሰው ነው። ችግሩ የሚብሰው በልጆቹ ላይ ነው። የፒየር ኡዶን ዲ ቦልዮ ዘሮች ገሚሶቹ ኡዶን፣ ገሚሶቹ ቦልዮ ሆነው ቀሩ፤ የአንድ አባት ልጆች መሆናቸውን ከስማቸው የሚገምት የለም። መጻፍ የማይችለው ምእመን የተናገረውን ካህኑ እንደ ሰማው ስለሚጽፍ አጻጻፉም ከገጽ ገጽ ይለዋወጣል።

የክርስትና ስምም የራሱ ወጥመድ አለው። በተለይ በ1800ዎቹ ወንዱ ሁሉ ‘ዮሴፍ’፣ ሴቷ ሁሉ ‘ማርያም’ ተብለው ይጠመቁ ነበር፤ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የክርስትና አባት ወይም እናት ስም ይገባል፣ የሚጠሩበት ስም ግን ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ያለው ነው። በአንድ ቤት አምስት ዮሴፎች ቢገኙ አያስገርምም። ሕፃን ሲሞት ስሙ ለተከታዩ ይሰጥ ስለነበር፣ ቀብሩን ያላየ ሰው ሁለቱን ልጆች አንድ ያደርጋቸዋል።

ለጀማሪ ትልቁ መደገፊያ አባ ሲፕሪያን ታንጌ ከ1871 እስከ 1890 በሰባት ቅጽ ያሳተሙት መዝገበ ትውልድ ነው። ስሕተት ግን አያጣውም፤ ስለዚህ የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ከ1966 ጀምሮ ባደራጀው የሕዝብ ታሪክ መረጃ ቢመሳከር ይሻላል።

ከ1840 እስከ 1930 ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳውያን ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ ብዙዎቹም በኒው ኢንግላንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ተቀጠሩ። በዚያ ቧቬር፣ ትርጉሙ አረንጓዴ ደን፣ ግሪንዉድ ሆነ፤ ‘ንጉሥ’ ማለት የሆነው ሯም ኪንግ ተባለ። በ1922 በሎዌል ከተማ የተወለደው ደራሲ ጃክ ኬሩአክ ከኩቤክ ከመጡ ወላጆች ነው፤ በ1700ዎቹ ከፈረንሳይዋ ብሪታኒ የተሻገረው ቅድመ አያቱ ግን የቤተሰቡ ስም ሌ ቢያን ሆኖ ሳለ ራሱን በሌላ ስም ይጠራ ነበር። በፋብሪካው የደመወዝ መዝገብ ግሪንዉድ የተባለውን ሠራተኛ የሚፈልግ ሰው፣ በዚያው ከተማ ያለውን የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ቤተ ክርስቲያን የጋብቻ መዝገብ ቢገልጥ፣ ቧቬር የሚለውን ስም ከነወላጆቹ ሊያገኘው ይችላል።