«ብርድ መታት»

ጠዋት በር ተከፍቶ ቆጡ ሥር ደርቃ ለተገኘች ዶሮ፣ ሚዛን ተፈሪም ሆነ ቴፒ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፦ ብርድ መታት። ለደብረ ብርሃን ሰው ይህ ቀልድ ነው። ቴፒ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ቡናና ቁንዶ በርበሬ የሚበቅልባት ከተማ ናት፤ ሚዛን ከእሷ ከፍ ቢል ጥቂት ነው። ሁለቱም ውርጭ አያውቁም። የሚያውቁት ዝናብ ነው፤ ከመጋቢት እስከ ኅዳር እየተመላለሰ የሚወርድ፣ ክረምት ሦስት ወር ነው የሚለውን ቆጠራ የማይቀበል ዝናብ።

ዶሮ የራሷን ምድጃ ይዛ የምትዞር ፍጥረት ናት። የሰውነቷ ሙቀት 41 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ያንን ሙቀት የሚጠብቅላት ላባዋ ውስጥ የታመቀው አየር ነው። ላባው ሲረጥብ አየሩ ይወጣል፣ ሙቀቱም አብሮት ይሄዳል። ደረቅ ዶሮ በሰሜን ተራሮች ታድራለች፤ የረጠበች ዶሮ ቴፒ ላይ ትንቀጠቀጣለች።

እውነተኛው የብርድ ጉዳት፣ ውርጭ ሥጋን ሲበላ ማለት ነው፣ በረዶ በሚወርድባቸው አገሮች የታወቀ ነው። ደሟ ወደ ውስጥ ይሸሽና በራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ፣ ከመንጋጋዋ ሥር የሚንጠለጠለውና የእግር ጣቶቿ ይገረጣሉ፤ በኋላ ይጠቁራሉ። ያኔ በለብታ ውኃ ቀስ እያሉ ማሞቅ እንጂ ማሸትም፣ እሳት ዳር ማስቀመጥም፣ የጠቆረውን መቁረጥም አይገባም። የሚገርመው፣ ይበልጥ የምትጎዳው አሳቢ ባለቤት ጥርቅም አድርጎ በዘጋው ቤት ውስጥ መሆኑ ነው። ትንፋሿና ኩሷ የሚያወጡት እርጥበት መውጫ አጥቶ እላይዋ ላይ ያርፋል፤ የሚቀዘቅዘውም እሱ ነው። እዚያም ቢሆን እንግዲህ ግማሹ ጥፋት የእርጥበት ነው።

በእኛ አካባቢ የዶሮ ራስ ላይ ጥቁር ቅርፊት ካያችሁ ብርድን አትጠርጥሩ። አብዛኛውን ጊዜ የዶሮ ፈንጣጣ ነው። በዝናብ ወቅት የሚራባው ትንኝ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ያዛምተዋል። የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ቁስሉን በአዮዲን ማጽዳት፣ የታመመችውን መለየት፣ ውኃ ያቆረውን ጣሳና ጎማ መድፋት ነው ያለው።

የቡና አገር ሰው ስለ እርጥበት ከማንም ልቆ ያውቃል። እሸቱን መሬት ላይ ቢያሰጣው እንደሚሻግት ስለሚያውቅ ከመሬት ከፍ ያለ አልጋ ሠርቶ፣ ከሥርም ከላይም አየር እንዲያገኝ አድርጎ ያደርቃል፤ ደመና ሲያይ ሮጦ ይሸፍናል። ዶሮውን ግን እርጥብ አፈር ላይ ያሳድራል። ይህ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ለቡና የሠራውን አልጋ ግድግዳና ጣሪያ ቢጨምርበት ጥሩ የዶሮ ቤት ይወጣዋል፦ ወለሉ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ግድግዳው ከታች ድፍን፣ ከቆጡ በላይ ወንፊት፣ የጣሪያው ጠርዝ ረዘም ያለ፣ ዙሪያውን ቦይ። ቆጡም ቀጭን ዱላ ባይሆን ይመረጣል፤ አራት ጣት የሚሆን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ስትቀመጥ ጣቶቿን በሆዷ ላባ ትሸፍናለች።

ለጉዝጓዝ የደረቀ የቡና ገለባ ሞልቷል። የደረቀ ማለቴን ልብ በሉ፤ የሻገተ ገለባ ሳንባዋን ያሳምማል። ጭብጥ አድርጋችሁ ስትለቁት ከተበተነ ደህና ነው። እንደ ሊጥ ከተድበለበለ አውጡት፤ የኮክሲዲያ ተውሳክ የሚበስለው እንዲህ ያለ እርጥበትና ሙቀት ሲገናኙለት ነው። ጫጩቶች ደም የቀላቀለ ኩስ ማሳየት ከጀመሩ፣ የእንስሳት ባለሙያ የሚያዘውን አምፕሮሊየም ውኃቸው ላይ መጨመር ይቻላል፤ ወለሉ ካልደረቀ ግን በሽታው ነገ ይመለሳል።

ጫጩት ሌላ ጉዳይ ናት። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ትፈልጋለች፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየተቀነሰ ይሄዳል። እናት ካለች ይህን ሁሉ በክንፏ ትሠራዋለች። እርካሽ ነው ብሎ የ1 ቀን ጫጩት የሚገዛ ሰው ክንፉን ራሱ መተካት አለበት፤ የ45 ቀኗ የምትወደደው ያንን ጊዜ አልፋ ስለመጣች ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የሚረዳው፣ ጅማ ያሉ ተመራማሪዎችም የሞከሩት፣ የሣር ሳጥን ነው። ዙሪያውን ደረቅ ሣር በታጨቀ ሳጥን ውስጥ ጫጩቶቹ በገዛ ሙቀታቸው ያድራሉ፤ ኤሌክትሪክም ከሰልም አይጠይቅም።

ዝናብ የደበደባት ጫጩት ከተገኘች በጨርቅ አድርቋት። ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውኃ ሙሉ፤ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ካርቶን ውስጥ አጠገቧ አስቀምጡ። ሳትሞቅ አታጠጧት፤ ጭንቅላቷን ቀና ስታደርግ ስኳር ያለበት ለብታ ውኃ ይበቃታል።

አንድ ሌሊት ሁለትና ሦስት ዶሮ ከሞተ፣ ወይም አንገቷ ከተጠማዘዘ፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ከታየ፣ ያ ብርድ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ፈንግል ነው፤ አንዴ ከገባ መድኃኒት የለውም። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ፣ ከተበጠበጠ በኋላም ሰዓታት ብቻ የሚቆይ ስለሆነ ለአምስት ዶሮ ብቻ ብሎ የሚከፍተው የለም። ከጎረቤት ጋር ዶሮ ቆጥራችሁ፣ ዝናቡ ሳይጠና የካቲት ላይ ወደ ቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሂዱ።