በባሕር ዳር ስለ ተገኘው የታላቅ አውሬ መንጋጋ

በእንግሊዝ አገር በምዕራብ በኩል፣ የሴቨርን ወንዝ ከባሕር ጋር በሚገናኝበት ስፍራ፣ ውሃው በየቀኑ እየሞላና እየጐደለ ይኖራል፤ የሙላቱና የጉድለቱም ልዩነት በዓለም ላይ እጅግ ታላላቅ ከሚባሉት አንዱ ነው። ውሃው በሞላ ጊዜ የዳርቻውን ገደል ይመታል፤ በጐደለ ጊዜም ከገደሉ የተናደውን ጭቃና ድንጋይ አስጥቶ ይሄዳል። ስለዚህ በዚያ አገር ባሕሩ ሲሸሽ በዳርቻው እየተመላለሱ፣ በጥንት ዘመን ሞተው ወደ ድንጋይነት የተለወጡትን የእንስሳት አጥንቶች መፈለግ ለብዙ ሰዎች የዕረፍት ቀን ሥራ ሆኗል። ሊቃውንት ይህን የመሰለውን ነገር ቅሪተ አካል ይሉታል።

በ2020 ዓ.ም. በሜይ ወር (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቱንና ወሩን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን) አንድ አባት ከ11 ዓመት ሴት ልጁ ጋር በሶመርሴት አውራጃ ብሉ አንከር በሚባለው ዳርቻ ሲመላለስ አንድ የአጥንት ስባሪ አገኘ። ልጅቱም ጥቂት ቈይታ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ሌላ ስባሪ ግማሹ በጭቃ ተቀብሮ አየች። ያገኙት ነገር አጥንት መሆኑን አልተጠራጠሩም፤ የምን አጥንት እንደ ሆነ ግን ማን ይንገራቸው?

ይህ ጥያቄ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ሙሉ አፅም የተገኘ እንደ ሆነ ራሱና እግሩ፣ ጥርሱና ጅራቱ ስለ ራሱ ይመሰክራል። ባሕር ሰባብሮ የጣለው ቁራጭ ግን መጀመሪያውም መጨረሻውም አይታወቅም። ከአንባቢዎቻችን መካከል የመጻሕፍት ሊቃውንት የሆኑት ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁታል፤ ከብራና መጽሐፍ ተገንጥሎ የወደቀ፣ አርእስትም መደምደሚያም የሌለው አንድ ቅጠል ሲመጣላቸው፣ የየትኛው መጽሐፍ ክፍል እንደ ሆነ የሚለዩት በልባቸው ካለው ንባብ ጋር በማስተያየት ነው። መጽሐፉን ፈጽሞ አይተውት የማያውቁ እንደ ሆነ ግን ቅጠሉን ለሚመስለው ለሌላ መጽሐፍ ሊሰጡት ይችላሉ። በአጥንትም ዘንድ ያለው ፈተና ይኸው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አጥንትን ከድንጋይ መለየት ያስፈልጋል፤ ባሕር ያለሰለሰው ድንጋይ አንዳንድ ጊዜ አጥንት መስሎ፣ አጥንትም ድንጋይ መስሎ ዓይንን ያታልላልና። አጥንት በተሰበረበት በኩል ሲመለከቱት ውስጡ እንደ ሰፍነግ የተበሳሳ ሆኖ ይታያል። ከዚህም ሌላ የተገኘበት ስፍራ ከአጥንቱ ያላነሰ ምስክር ነው። ዘመኑን የሚናገረው አጥንቱ የወጣበት የመሬት ንብርብር ስለ ሆነ፣ ስፍራውን ሳይጽፍ አጥንቱን ብቻ ወደ ቤቱ የወሰደ ሰው የነገሩን እኩሌታ በባሕር ዳር ትቶ እንደ ሄደ ይቈጠራል። በየመሥሪያ ቤቱ ንብረትና መዝገብ የሚጠብቁ ሰዎችም ከየት እንደ መጣ ያልተጻፈበት ዕቃ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ሳያውቁት አይቀሩም።

የብሉ አንከሩ አጥንት ማንነት እንዴት እንደ ታወቀ ለመረዳት ግን ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ወደ ኋላ መመለስ ያሻል። በዚያው በእንግሊዝ አገር፣ ላይም ሪጂስ በምትባለው የደቡብ ጠረፍ ከተማ፣ በ1811 ዓ.ም. ጆሴፍ አኒንግ የተባለ ወጣት የአንድ እንግዳ አውሬ ራስ ቅል አገኘ፤ በተከተለውም ዓመት እኅቱ ሜሪ አኒንግ ገና ልጅ ሳለች የቀረውን አፅም አገኘች። ሕዝቡ አዞ ነው አለ። ሰር ኤቨራርድ ሆም የተባሉት ስመ ጥር ሐኪም ከ1814 ዓ.ም. ጀምሮ ስለዚሁ ፍጥረት ደጋግመው ሲጽፉ፣ አንድ ጊዜ ወደ ዓሣ ወገን አስጠጉት፤ ኋላም በሳላማንደርና በእንሽላሊት መካከል ያለ ነው አሉ። በ1817 ዓ.ም. የብሪታንያ ቤተ መዘክር ባልደረባ የነበሩት ቻርልስ ኮኒግ ኢክቲዮሳውረስ የሚል ስም አወጡለት፤ ይኸውም ከግሪክ ቋንቋ የተገኘ ሲሆን «የዓሣ እንሽላሊት» ማለት ነው። በእርግጥም መልኩ የዓሣ ሆኖ ወገኑ በምድር ከሚሳቡት እንስሳት፣ አየርንም የሚተነፍስ የባሕር አውሬ ነበር።

ሜሪ አኒንግ ከዚያ በኋላ ብዙ ታላላቅ አፅሞችን ከገደል እያወጣች ለሊቃውንት በመሸጥ ኖራ በ1847 ዓ.ም. ሞተች። ሊቃውንቱ እርስዋ ባገኘችው አጥንት መጻሕፍት ሲጽፉና ሲመሰገኑ፣ ስሟን ግን አብዛኛውን ጊዜ ዘለሉት። በለንደን የነበረው የጂኦሎጂ ማኅበርም በዚያ ዘመን ሴትን በአባልነት አይቀበልም ነበር።

እርስዋ ከሞተች ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1850 ዓ.ም.፣ ሳሙኤል ስታችበሪ የተባሉ ሰው በሴቨርን ዳር ኦስት ከሚባለው ገደል ስለ ወጡ ትላልቅ አጥንቶች ጻፉ። አጥንቶቹ ረጃጅምና ድቡልቡል ነበሩ፤ ጫፎቻቸው ግን ተሰብረው ስለ ጠፉ መገጣጠሚያቸው አይታይም። በኋላ የተነሡት ሊቃውንት ትልቅነታቸውን ተመልክተው የዳይኖሰር እግር አጥንቶች ናቸው ብለው ፈረዱ። ሊቃውንቱ ሰነፎች አልነበሩም፤ በእጃቸው የነበረው ማስተያያ ይህን ብቻ ስላሳያቸው ነው እንጂ። በዚያ ዘመን ያን ያህል ግዙፍ የሆነ የዓሣ እንሽላሊት ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. ከእነዚሁ አጥንቶች ስስ ቅጠል ተቈርጦ በማይክሮስኮፕ ቢመረመር እንኳ፣ አሠራሩ ከታወቁት እንስሳት የተለየ ሆኖ ተገኘና ነገሩ ሳይቈረጥ ቀረ።

ቍልፉ የተገኘው በ2016 ዓ.ም. ነው። ፖል ደ ላ ሳል የተባሉ ቅሪተ አካል ፈላጊ በሶመርሴት ሊልስቶክ በሚባለው ዳርቻ አንድ ድንጋይ መሳይ ነገር አገኙ። በላዩ የሚሄደውን ቦይና የአጥንቱን አሠራር ልብ ብለው ቢያዩት የዓሣ እንሽላሊት መንጋጋ ሳይሆን አይቀርም ብለው ገመቱ፤ ሌሎቹንም ስባሪዎች ፈልገው ቢገጣጥሙት 96 ሳንቲ ሜትር ሆነ። በገመቱትም ሳይረኩ ፎቶግራፉን ለእንግሊዛዊው ዶክተር ዲን ሎማክስና ለአሜሪካዊቷ ሊቅ ለጁዲ ማሳሬ ላኩላቸው። ዶክተር ሎማክስም በካናዳ ሮያል ቲረል ቤተ መዘክር ወደሚገኘው፣ ርዝመቱ 21 ሜትር ወደ ተገመተው የዓሣ እንሽላሊት አፅም ሄደው አስተያዩት። የሊልስቶኩ አጥንት በታችኛው መንጋጋ በስተኋላ በኩል ካለው አጥንት ጋር ተስማማ፤ በልክ ግን ከካናዳው የሚበልጥ ነበር። እንግዲህ ይህ ከታወቀ በኋላ ወደ ኦስት አጥንቶች ቢመለሱ፣ የዳይኖሰር እግር የተባሉት የእነዚህ የባሕር አውሬዎች የመንጋጋ ስባሪዎች ሆነው ታዩአቸው። ይህም በ2018 ዓ.ም. ታተመ። ከስታችበሪ ጽሑፍ እስከዚህ ድረስ 168 ዓመት አልፏል።

እዚህ ላይ ልናመሰግነው የሚገባን አንድ ነገር አለ። ሊቃውንቱ ይህን ያህል ካወቁ በኋላ እንኳ ለአውሬው አዲስ ስም ለማውጣት አልቸኰሉም። አንድ የተሰበረ አጥንት ለስም ማውጫ አይበቃምና ሁለተኛ ምስክር እስኪገኝ ጠበቁ።

ምስክሩም የመጣው በዚያች ልጅና በአባትዋ እጅ ነው። ስለ ሊልስቶክ የተጻፈውን ያውቁ ስለ ነበረ ያገኙትን ነገር ሳይሸሽጉ ለዶክተር ሎማክስ አስታወቁ። እርሳቸውም ፖል ደ ላ ሳልን ጨምረው በኅብረት ወደ ብሉ አንከር ሄዱ። ባሕሩ በሸሸ ቍጥር በጭቃው ውስጥ እየፈለጉ፣ የመጨረሻውን ስባሪ በኦክቶበር 2022 ዓ.ም. አገኙ። ተገጣጥሞ ሲታይ አጥንቱ ከ2 ሜትር ይበልጣል፤ ከሊልስቶኩም ጋር አንድ ዓይነት ነው። በጀርመን አገር በቦን ዩኒቨርሲቲ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ከግዙፎቹ የዓሣ እንሽላሊቶች ወገን መሆኑ ተረጋገጠ፤ እንስሳውም በሞተበት ጊዜ ገና በማደግ ላይ እንደ ነበረ ታወቀ።

በአፕሪል 2024 ዓ.ም. ኢክቲዮቲታን ሴቨርኔንሲስ፣ ማለት «የሴቨርን ግዙፍ የዓሣ እንሽላሊት» ተብሎ ተሰየመ። የኖረውም ከ202 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ነው። ስሙን ባወጣው ጽሑፍ ላይ ከሊቃውንቱ ጋር በጸሐፊነት የተቈጠሩት ልጅቱና አባትዋ፣ ፖል ደ ላ ሳልም ናቸው። በሜሪ አኒንግ ዘመን ይህ የማይታሰብ ነበር።

ርዝመቱ 25 ሜትር ያህል ይሆናል ተብሏል፤ ይህም ከዛሬው ታላቅ ዓሣ አንበሪ ጋር የሚወዳደር ነው። ይሁን እንጂ ይህ ልክ ከመንጋጋ አጥንቶች ተነሥቶ ከዘመዶቹ ጋር በማስተያየት የተሰላ ግምት ነው። ስሙ በወጣ ጊዜ ራስ ቅሉም ሆነ አከርካሪው ገና አልተገኘም ነበር።