የክልል ፖሊስ ተጠሪነቱ ለማን ነው?

ባሕር ዳር፣ አዳማ ወይም ሐዋሳ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ «ተሰረቅሁ» የሚል ሰው ቃሉን የሚሰጠው ለክልል ፖሊስ ነው። ቃሉን የሚቀበለውን መርማሪ የሚቀጥረው፣ ደመወዙን የሚከፍለውና የሚያዘው የክልሉ መንግሥት እንጂ የፌዴራል ፖሊስ አይደለም። ብዙ ሰው ግን የክልል ፖሊስን የፌዴራሉ ቅርንጫፍ አድርጎ ያስባል። ለዚህ አይፈረድበትም፤ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የአገሪቱ ፖሊስ አንድ ነበርና።

ከጣሊያን ወረራ በፊት የከተማ ጸጥታ የዘበኞች ሥራ ነበር፤ የአዲስ አበባው «የአራዳ ዘበኛ» ስሙ እስከ ዛሬ ይነሳል። ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ አዋጅ ወጣ፤ በእንግሊዞች ድጋፍም አገር አቀፍ ፖሊስ ተቋቋመ። መኮንኖቹ በአባዲና ኮሌጅ እየሠለጠኑ ወደየጠቅላይ ግዛቱ ይመደቡ ነበር። ማዕረጋቸው ሻምበል፣ ሻለቃ፣ ኮሎኔል የሚባል ወታደራዊ ማዕረግ ነበር። ፖሊስ ከቤተ መንግሥት ፖለቲካም አልራቀም፦ በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከመሪዎቹ አንዱ የፖሊስ አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡ ነበሩ፤ በግጭቱም ሕይወታቸው አልፏል።

ይህን አደረጃጀት የለወጠው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 52 የፖሊስ ኃይል ማደራጀትንና መምራትን፣ የክልልን ሰላምና ጸጥታ ማስጠበቅንም ለክልሎች ሰጠ። አንቀጽ 51 ደግሞ የፌዴራል መንግሥቱ የራሱን ፖሊስ እንዲያቋቁም ፈቀደ። ስለዚህ የፌዴራሉ ኮሚሽነር ለአንድ ክልል ኮሚሽነር የዕለት ትእዛዝ የሚሰጥ አለቃ አይደለም።

በክልሉ ውስጥ እዙ ከኮሚሽኑ ወደ ዞን መምሪያ፣ ከዚያ ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤትና ጣቢያ ይወርዳል። ማዕረጉ ከኮንስታብል ጀምሮ በሳጅን፣ በኢንስፔክተርና በኮማንደር በኩል ኮሚሽነር ላይ ይደርሳል። በቀበሌ የሚታየው ሚሊሻ መደበኛ ፖሊስ አይደለም፤ መታጠቁ ያሳስታል እንጂ። አዲስ አበባ ክልል ስላልሆነች በቻርተሯ መሠረት የፖሊሷ ተጠሪነት ለፌዴራል መንግሥት ነው።

ወሰኑ የሚደበላለቀው ወንጀሉ የፌዴራል ሲሆን ነው። ለምሳሌ ሐሰተኛ ገንዘብ ወረዳ ላይ ቢያዝ ጉዳዩ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሥልጣን ነው። የፌዴራል ፖሊስ ግን በየወረዳው ስለሌለ ምርመራውን ለክልል ፖሊስ በውክልና ሊሰጥ ይችላል።

ከሁሉ ያከራከረው ግን የክልሎች ልዩ ኃይል ነው። በሶማሌ ክልል የተጀመረው የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ሽምቅ ውጊያን ለመመከት ሲሆን፣ ሌሎች ክልሎችም ተከተሉ። በስሙ ፖሊስ ቢባልም ትጥቁና ሥልጠናው የጦር ሠራዊት ነበር፤ ሕገ መንግሥቱ ለክልል የፈቀደው ደግሞ ፖሊስን ብቻ ነው። በእኔ እይታ ጥፋቱ የክልሎች ብቻ አይደለም። ፌዴራሉ ኃይሉ በጠቀመው ጊዜ ዝም ብሎ ቆይቶ በ2015 ዓ.ም. ይፍረስ ሲል፣ አባላቱ መከላከያን፣ ፌዴራል ፖሊስን ወይም የክልል ፖሊስን እንዲመርጡ ተነገራቸው። በአማራ ክልል ተቃውሞ ተቀሰቀሰ።

ለተራው ሰው የሚጠቅመው ይህ ነው፦ በወረዳ ፖሊስ የተበደለ አቤቱታውን ወደ ዞን መምሪያ፣ ቀጥሎም ወደ ክልሉ ኮሚሽን ይወስዳል። የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም አቤቱታ ይቀበላል። የተያዘ ሰው ደግሞ፣ የያዘው የየትኛውም መንግሥት ፖሊስ ይሁን፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት።