ሁለተኛው ወንበር

ሰኔ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2009) የኮንቲኔንታል አየር መንገድ ቦይንግ 777 ከብራስልስ ተነስቶ፣ 247 መንገደኞችን ይዞ፣ ኒውዮርክ አጠገብ ወዳለችው ኒዋርክ ይበር ነበር። አትላንቲክ ላይ እንዳለ የ60 ዓመቱ ካፒቴን በድንገት ታመመ። ሐኪም የሆኑ መንገደኞች ተጠርተው ሊያተርፉት ቢሞክሩም ሕይወቱ አለፈ። አብዛኛው መንገደኛ ይህን የሰማው አውሮፕላኑ በሰላም ካረፈ በኋላ ነው። የቀሩት አብራሪዎች ጉዞውን እንደወትሮው ፈጽመውት ነበር።

ይህን ያስቻለው ሁለተኛው ወንበር ነው። በግራ ካፒቴኑ፣ በቀኝ ረዳት አብራሪው ይቀመጣል። “ረዳት” ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ አውቶቡስ ረዳት ይሄዳል፤ እሱ መሪ አይጨብጥም። የአውሮፕላኑ ረዳት ግን ማስነሳትም ማሳረፍም የሚችል፣ ፈቃድ ያለው አብራሪ ነው። በአንዱ በረራ ካፒቴኑ ሲያበር ረዳቱ ሬዲዮውን ይይዛል፣ መለኪያዎቹን ይከታተላል፤ በሌላው ይቀያየራሉ። በረጅም ጉዞ ላይ ተራ በተራ እንዲያርፉ ሦስተኛ፣ አንዳንዴም አራተኛ አብራሪ ይጨመራል።

አብራሪዎች ቢያንስ በየዓመቱ፣ ከ60 ዓመት በኋላ ደግሞ በየስድስት ወሩ የጤና ምርመራ ያደርጋሉ። ያም ሆኖ ምርመራ የነገን ሕመም ሁሉ አያሳይም። በበረራ ላይ አብራሪን ከሥራ ውጭ የሚያደርገው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልብ ሳይሆን ሆድ ነው። ሁለቱም በአንድ ምግብ እንዳይመረዙ በብዙ አየር መንገዶች የተለያየ ምግብ የሚቀርብላቸው ለዚህ ነው።

ራሱን የሳተ ሰው ወዲያው ይታያል። የሚያስፈራው ዓይኑ ክፍት፣ እጁ መሪው ላይ ሆኖ ሐሳቡ የከዳው ሰው ነው። በዚያው ሰኔ 11 ቀን፣ ከኮንቲኔንታሉ በረራ 37 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1964 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1972) የብሪቲሽ ዩሮፒያን ኤርዌይስ ትራይደንት አውሮፕላን ከለንደን ወደ ብራስልስ ተነሳ። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላው ስቴንስ በተባለች ከተማ አጠገብ ወድቆ የተሳፈሩት 118 ሰዎች በሙሉ አለቁ። በክንፎቹ የፊት ጠርዝ ላይ ያለውና በዝግታ ሲበር ደግፎ የሚይዘው ክፍል ፍጥነቱ ሳይበቃ ታጥፎ ነበር። የካፒቴኑ አስከሬን ሲመረመር የልብ ሕመም ተገኘ። መርማሪዎች ሕመሙ ማስተዋሉን ሳያዛባው እንዳልቀረ ደመደሙ፤ አብራሪዎች ቀስ ብሎ የሚመጣን እንዲህ ያለ መዳከም እንዲያውቁ አለመሰልጠናቸውንም ከመሠረታዊ መንስኤዎቹ ቆጠሩት። ከካፒቴኑ ጎን የነበረው ልምዱ ገና ያልዳበረ የ22 ዓመት ወጣት ነበር።

ታላቅን ማክበር መልካም ነው፤ ታላቁ ሲሳሳት ዝም ማለት ነፍስ ሲያስከፍል ግን አክብሮት መሆኑ ይቀራል። ዛሬ አብራሪዎች የሚሰለጥኑበት የሁለት ጥሪ ደንብ ታላቁን የመጋፈጥን ሸክም ከወጣቱ ላይ ያነሳል። ባልደረባህ ሁለት ጊዜ ተጠርቶ በአግባቡ ካልመለሰ፣ ወይም አውሮፕላኑ ከመስመሩ እየወጣ አንድ ጥሪ ካለፈው፣ እንደታመመ ቆጥረህ አውሮፕላኑን ተረከብ ይላል። ድፍረት ወይም ንቀት ነው የሚል አይኖርም፤ ደንቡ አዟል።

የተረከበው አብራሪ መረከቡን ጮክ ብሎ ይናገራል፣ አውሮፕላኑን ያረጋጋል፣ አውቶፓይለቱን ይጠቀማል። አስተናጋጆች የታመመውን ትከሻ በቀበቶ አጥብቀው ወንበሩን ወደኋላ ይስባሉ፤ እጅና እግሩ መሪውን እንዳይነካ ነው። ከዚያ ሐኪም ይፈለጋል፣ ለአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች አስቸኳይ ጥሪ ይተላለፋል፣ ተስማሚ ማረፊያ ይመረጣል። በ2008 ዓ.ም. መግቢያ (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2015) ከፊኒክስ ወደ ቦስተን ሲበር የነበረ የአሜሪካን አየር መንገድ ካፒቴን በመንገድ ላይ ሲሞት፣ ረዳት አብራሪው ወደ ሲራኪዩስ ዞሮ በሰላም አሳርፏል።

በረጅም በረራ አጋማሽ አንዱ አብራሪ ሲያርፍ ሌላው ብቻውን ኮክፒት ውስጥ እንዲቆይ የሚል ሐሳብ ከአምራቾች ቀርቧል። የአውሮፓ የአቪዬሽን ደህንነት ኤጀንሲ ባስጠናው ጥናት ግን ይህ አሠራር ከዛሬው እኩል አስተማማኝ መሆኑን ማሳየት አልተቻለም። እኔም ወንበሩ ባዶ እንዲሆን አልፈልግም። የሁለት ጥሪው ደንብ የሚሠራው ጠሪ ሲኖር ነው፤ ብቻውን የተቀመጠን አብራሪ “ካፒቴን፣ ደህና ነህ?” የሚለው ማን ነው?