ተራና ታርጋ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። በኮምፒዩተር ውስጥ ግን ለየዕቃው ስም የሚያወጣለት ከርነል፣ ይኸውም መሣሪያዎቹን ሁሉ የሚያዝዘው ዋናው ፕሮግራም ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የሊኑክስ ከርነል ብዙዎቹን ዲስኮች በተገኙበት ተራ ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ፣ ኤስዲሲ እያለ ይሰይማቸዋል።

ተራ ግን ይለወጣል። ከአሰላ መናኸሪያ ወደ ሳጉሬ ጆንያ ስንልክ «አንደኛው መኪና ላይ ጫኑት» ብንል፣ ነገ ቀድሞ የሚሰለፈው የአዳማው መኪና ሊሆን ይችላል፤ የማይለወጠው ታርጋው ነው። ኮምፒዩተርም ጠፍቶ ሲበራ ትናንት ኤስዲኤ የነበረው ዲስክ ዛሬ ኤስዲቢ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በትናንቱ ስም «ደምስስ» ብሎ ያዘዘ ሠራተኛ የመሥሪያ ቤቱን የዓመታት መዝገብ በቅጽበት ያጠፋል።

መድኃኒቱም አለ። ዲስክ ፎርማት ሲደረግ ዩዩአይዲ የሚባል ረዥም መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ተራው ቢለዋወጥም ቁጥሩ ያው ነው። ኢቲኤች0 ይባል የነበረው የኔትዎርክ ካርድም ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ በብዙ የሊኑክስ ዓይነቶች ዘንድ በተሰካበት ቦታ ይሰየማል።

እንግዲህ የሕዝብ መዝገብ በእጃችሁ የሚገኝ ወጣቶች ሆይ፣ ከማዘዛችሁ በፊት ተራውን ትታችሁ ታርጋውን እንድታነቡ እናሳስባለን።