ግማሽ ዋጋ የተባለው ኤሌክትሪክ ሳይክል በእርግጥ ስንት ነው?

ባለፈው ወር አንድ የሁለተኛ ዓመት ወንድማችን ከዙህር ሶላት በኋላ ስልኩን ይዞ መጣና አንድ የቴሌግራም ማስታወቂያ አሳየኝ። ኤሌክትሪክ ሳይክል ነው። 78,000 ብር የሚለው ዋጋ በቀይ መስመር ተሰርዞ ከሥሩ 39,000 ተጽፏል። «በአንድ ቻርጅ 60 ኪሎ ሜትር፣ 350 ዋት ሞተር፣ የቀረን 5 ብቻ» ይላል። ወንድማችን የሚኖረው ቄራ አካባቢ ከአክስቱ ጋር ሲሆን በታክሲ ሰልፍ ምክንያት የጠዋቱ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ያመልጠዋል። ገንዘቡ ደግሞ በእቁብ የደረሰው ነው፤ ሌላ የለውም። «አንተ ኤሌክትሪካል ነው የምትማረው፤ እስቲ እየው፣ ልግዛው?» አለኝ።

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ከዚህ በፊትም ከሌሎች ስለመጣልኝ ያየነውንና ያሰላነውን እዚህ ላስፍረው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። ርካሽ ኤሌክትሪክ ሳይክል ስትገዙ በዋናነት የምትገዙት ባትሪ ነው። ብረቱ፣ ጎማው፣ መሪው የትም ሰፈር ይጠገናል። ሞተሩም በአብዛኛው የኋላ ጎማ መሐል የተገጠመ፣ እምብዛም የማይበላሽ ነገር ነው። ባትሪው ግን የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ ቢነዳም ያረጃል፣ መጋዘን ቢቀመጥም ያረጃል። ስለዚህ የቅናሹን ምክንያት ፍለጋ ስትነሱ መጀመሪያ የምትሄዱት ወደ ባትሪው ነው።

በማስታወቂያው ላይ ያለውን 60 ኪሎ ሜትር እንመልከተው። ሳይክሉ 48 ቮልት፣ 12 አምፒር ሰዓት ባትሪ አለው። ሁለቱን ስታባዙ 576 ዋት ሰዓት ይመጣል፤ ይህ የጋኑ መጠን ነው በሉት። 576ን ለ60 ብታካፍሉ ለአንድ ኪሎ ሜትር ከ10 ዋት ሰዓት ያነሰ ይደርሰዋል። ይህ ቀጭን ሰው፣ በሜዳ ላይ፣ በዝግታ፣ ፔዳሉን ራሱ እየመታ ሲሄድ ሊሆን ይችላል። ፔዳል ሳይነካ የመሪውን እጀታ ጠምዝዞ የሚሄድ ሰው ግን በሜዳ ላይ እንኳ ለአንድ ኪሎ ሜትር ከ15 እስከ 20 ዋት ሰዓት ይበላል። ባትሪው ሊድ አሲድ ከሆነ ደግሞ ከተጻፈው ውስጥ በተግባር የሚሰጠው ያንሳል። ስለዚህ አዲስ እያለ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ብላችሁ አስቡት። ከዚያ በላይ ከሰጠ አልሐምዱሊላህ ነው።

ይህ ሁሉ በሜዳ ነው፤ አዲስ አበባ ግን ሜዳ አይደለችም። የቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,330 ሜትር ግድም ላይ ነው፤ እንጦጦ ከ3,000 ይበልጣል። ሰውና ሳይክል አንድ ላይ 100 ኪሎ ቢመዝኑ 100 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ብቻ 27 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። በሞተሩ ሙቀት የሚባክነው ሲጨመር ወደ 40 ይጠጋል። ከቦሌ እንጦጦ የሚወጣ ሰው ለዳገቱ ብቻ የባትሪውን ግማሽ ያህል ይጨርሳል ማለት ነው። የሞተሩንም አቅም አትርሱ። ከፍ ያለ ዳገት ላይ፣ ማለትም በ100 ሜትር ርቀት 10 ሜትር በሚያስወጣ መንገድ፣ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከ400 ዋት በላይ ይጠይቃል። 350 ዋት ሞተር ብቻውን አይችለውም። እናንተ ፔዳል ካልመታችሁለት ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ዝግ ባለ ቁጥር ደግሞ ሞተሩ ይግላል። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ያላችሁ ተማሪዎች ይህን አንቀጽ ፈገግ ብላችሁ እለፉት። ያው ሳይክል እናንተ ጋ ሌላ ዕቃ ነው። የኛ ወንድም ግን ጠዋት ጠዋት ከቄራ ወደ 6 ኪሎ የሚመጣው ሽቅብ ነው።

ቅዳሜ አብረን ወደ ሱቁ ሄድን። ቦርሳዬ ውስጥ ከላብ ጓደኛዬ የተዋስኩት ቴስተር ነበር። ለማስተማሪያ የሚሆን ርካሽ ቴስተር ለዚህ ሥራ ይበቃል።

ባትሪው ሊድ አሲድ መሆኑን ሳንከፍተው አወቅነው፤ ሳጥኑን ሁለት እጅ ካልያዙት አይነሳም። አራት 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ሲያያዙ ከ16 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ፤ ተመሳሳይ መጠን ያለው ሊቲየም ግን 4 ኪሎ አካባቢ ነው። ሳጥኑን ስንከፍት እያንዳንዱ ላይ 6 ቁጥር፣ ሦስት የላቲን ፊደላት፣ ከዚያ 12 ቁጥር ተጽፏል። 6ቱ በውስጡ ያሉት ሴሎች ብዛት ነው፤ እያንዳንዳቸው 2 ቮልት ስለሆኑ 12 ይሆናል። የመጨረሻው 12 አምፒር ሰዓቱ ነው። ብዙ ባትሪ ላይ የተመረተበት ቀንም ታትሞ ይገኛል። የኛው ከተመረተ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሳይክሉ «አዲስ» ነው፤ ማንም አልነዳውም። ነገር ግን ሊድ አሲድ ባትሪ ሳይሞላ ሲቀመጥ በውስጡ ያሉት ሰሌዳዎች ላይ ጠንካራ ጨው ይጋገርና ዳግም ኃይል የመያዝ አቅሙን ያጣል። ሁለት ዓመት መጋዘን ጥግ የቆመ ሳይክል ማን በየወሩ ቻርጅ አድርጎለት ያውቃል?

ባለሱቁ የቻርጀሩን አረንጓዴ መብራት አሳየን። «ይኸው፣ ሙሉ ነው!» አለ። መብራቱ የሚነግራችሁ ቻርጀሩ መስጠት ማቆሙን ነው። ባትሪው ምን ያህል እንደያዘ አይናገርም፤ አንድ ሊትር የሚይዝ ጀሪካንም ሃያ ሊትር የሚይዝም ሲሞላ ሞላ ነው የሚባለው። አራቱን ባትሪዎች ለየብቻ ለካናቸው። ሦስቱ 12.9 ቮልት፣ አራተኛው 12.2። ባለሱቁ ደምሮ 50.9 አገኘና «ከ48 ይበልጣል እኮ» አለን። ድምሩ የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ወንድማችን በአቅራቢያው ያለውን ዳገት ለአሥር ደቂቃ ያህል ወጣበት። እንደተመለሰ ስንለካ ሦስቱ 12.5 ሲሆኑ አራተኛው 11.3 ላይ ደርሷል፤ ባዶ ማለት ነው። ባትሪዎቹ በተከታታይ ስለተያያዙ ደካማው ሲያልቅ ሦስቱ ጤነኞች ምንም አይፈይዱም፤ ሳይክሉ ይቆማል።

ስለዚህ ጥያቄያችንን ቀየርነው። «አራቱም አዲስ ባትሪ ቢገባለትስ?» ስንል 20,000 ብር አለን። ያን ጊዜ የሳይክሉ ዋጋ 39,000 መሆኑ ቀርቶ 59,000 ሆነ። ቅናሹ የት እንደሄደ አያችሁት። 78,000ውም ቢሆን አንድ ሰው እንኳ የከፈለው ዋጋ ስለመሆኑ ማስረጃ የለንም፤ የተሰረዘ ቁጥር መጻፍ ወጪ የለውም። ዋጋን ከተሰረዘው ቁጥር ጋር አታስተያዩት፤ ሌላ ሱቅ ያለ ተመሳሳይ ሳይክል ስንት እንደሚሸጥ ጠይቃችሁ ከዚያ ጋር አስተያዩት።

እዚያው ቆመን አንድ ሂሳብ ደግሞ ሠራን። ሊድ አሲድ ባትሪ በጥንቃቄ ከተያዘ 300 ጊዜ ያህል ሞልቶ ባዶ መሆን ይችላል። ወንድማችን ደርሶ መልስ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳገቱ ስለሚነዳ በየቀኑ ቻርጅ ማድረግ አለበት። 20,000ን ለ300 ስናካፍል በቀን ወደ 67 ብር ለባትሪ ብቻ ይወጣል፤ ሳይክሉ፣ ጎማውና ፍሬኑ ገና አልተቆጠሩም። የመብራቱ ወጪ ግን እዚህ ግባ አይባልም፤ አንድ ሙሉ ቻርጅ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። «ነዳጅ የለ፣ በነጻ ነው የምትሄደው» የሚለው አባባል ይህን ብቻ ቆጥሮ ነው። እናንተ የታክሲ ወጪያችሁን ከ67ቱ ጋር አስተያዩና ፍረዱ። ለአንዳንዱ ያዋጣል፣ በተለይ ሁለት ሦስት ታክሲ ለሚቀይር። ለአንዳንዱ ደግሞ የሚተርፈው ጊዜ ብቻ ነው፤ ጊዜም ዋጋ አለው።

ሊቲየም ከሆነስ? ይቀላል፣ ዕድሜውም ይረዝማል፣ የተጻፈለትንም አብዛኛውን ይሰጣል። በ48 ቮልት የሚሸጠው የተለመደው ዓይነት ሙሉ ሲሆን 54.6 ቮልት መድረስ አለበት፤ ሌሊቱን አሳድሮ ሲለካም ብዙ መውረድ የለበትም። ግን አንድ አደጋ አለ፤ እዚህ ላይ እለምናችኋለሁ። የሊድ አሲድ ቻርጀር እስከ 58 ወይም 59 ቮልት ይሰጣል። የሁለቱ ሶኬት አንዳንዴ ይገጥማል። በምንም ዓይነት አትቀያይሩ። በኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ በሊቲየም ባትሪ ቃጠሎ 18 ሰዎች ሞተዋል፤ ለብዙዎቹ ቃጠሎዎች መነሻ የኤሌክትሪክ ሳይክልና ስኩተር ባትሪዎች ነበሩ። ከተማዋም በዚያው ዓመት የደኅንነት ምርመራ ያላለፈ እንዳይሸጥ በሕግ ከልክላለች። እኛ የምንኖረው ስድስትና ስምንት ሆነን በአንድ በር በምንወጣበት ዶርም ነው። ሌሊት ተኝታችሁ፣ አልጋ ሥር፣ ወይም በር አጠገብ፣ በተቀጣጠለ ማከፋፈያ ላይ ቻርጅ ማድረግ አይታሰብም። የት ቻርጅ እንደምታደርጉ መልስ ከሌላችሁ፣ መልሱን እስክታገኙ ግዢውን አቆዩት።

የቀረውን ባጭሩ። ፍሬኑን ቁልቁለት ላይ ሞክሩት፤ ይህ ሳይክል ከተራው በእጥፍ ይከብዳል። ቻርጀሩና የሞተሩ መቆጣጠሪያ ቢበላሽ እዚህ ከተማ ውስጥ የሚገኝ መሆኑን ጠይቁ፤ ቅናሽ የሚመጣው አንዳንዴ አስመጪው ሞዴሉን ስለተወው ነው። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. በሞተር ሳይክሎች ላይ ገደብ ማድረጓን ታስታውሳላችሁ። ፔዳል የሌለው ወይም በጣም የሚፈጥን ከሆነ ሰሌዳና መንጃ ፈቃድ ይጠይቅ እንደሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ አረጋግጡ። በየወሩ እየተከፈለ ሲዘገይ የሚጨምር ውል ካቀረቡላችሁ ደግሞ ሳትፈርሙ ወደ ኡስታዞቻችን ውሰዱት።

ስለ ዋስትናም አንድ ነገር። በፊቅህ ሻጭ የሚያውቀውን ጉድለት መግለጽ እንዳለበት፣ ተደብቆ የተገኘ ዐይብም ለገዢው ዕቃውን የመመለስ ምርጫ እንደሚሰጠው ተምረናል። ሆኖም ባለሱቁ «ባትሪ ዋስትና የለውም» ብሎ በቃል ሲነግራችሁና ደረሰኝ ሳይሰጣችሁ ከወጣችሁ በኋላ ክርክሩ ከባድ ነው። «ባትሪው እስከ ሦስት ወር ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ካልሄደ ይቀየራል» የሚል አንድ መስመር ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። እምቢ ካለ ያም መልስ ነው። ይኸው ግዴታ በኛም ላይ አለ፤ ተሸውደን የገዛነውን ለፍሬሽማን «አሪፍ ሳይክል» ብለን በጀመዓው ግሩፕ ላይ ብንለጥፈው ያው ነው።

እኛ ከሱቁ ሳንገዛ ወጣን። ከአሥር ቀን በኋላ አንድ ተመራቂ ወንድም የራሱን ሳይክል በ35,000 ሊሸጥ መሆኑን ሰማንና ሄድን። ባለ ሊቲየም ነው። ገና ሳንጠይቀው «ባትሪው ሦስት ዓመት ሞልቶታል፣ ሲገዛ 40 ይሄድ ነበር፣ አሁን 25 ነው። የኋላው ፍሬን ሸራ አልቋል። ከ4 ኪሎ ወደ 6 ኪሎ ስትወጣ ፔዳል ካልመታህ አያወጣህም» አለው። ሌሊቱን አሳድረን ለካነው፤ 54.1። በማግስቱ ጠዋት ወንድማችን ከቄራ ተነስቶ 6 ኪሎ ድረስ ነዳው፣ ማታም ተመለሰበት፤ ባትሪው ሳያልቅ ቤት ገባ። 32,000 ተስማሙ፤ የቀረውን ለፍሬን ሸራና ለጠንካራ ቁልፍ አዋለው። ቻርጅ የሚያደርገው አክስቱ ግቢ፣ በረንዳ ላይ፣ ከመግሪብ እስከ ዒሻ ሰው ነቅቶ እያለ ነው።