ከቀለሙ በፊት ሽቦው ይታይ

በብዙ ቤት ግቢ ውስጥ በአሮጌ ሸራ ተሸፍና የቆመች መኪና አለች። የአባት ወይም የአጎት የነበረች፣ ትሸጥ ሲባል ልብ እንቢ የሚላት፣ ትጠገን ሲባል ደግሞ ኪስ የሚሸሻት። አብዛኛውን ጊዜ ይህች መኪና ቮልስዋገን ናት። ለአገራችን ሰው «ቮልስ» እንግዳ አይደለችም፤ የሐኪሙም፣ የመምህሩም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም መኪና ነበረች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱትም በቮልስዋገን እንደ ነበር ይታወሳል። ፋብሪካዋ የመጨረሻዋን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ሠርቶ ሲያቆም፣ ቁጥሯ ከ21 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር።

የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን በጥር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ፣ እነዚህን የተሸፈኑ መኪኖች ገልጦ የሚያይ ቤተሰብ ቢበዛ አያስደንቅም። እርስዎም የጥሊሊ ነዋሪ ከሆኑና በግቢዎ እንዲህ ያለች መኪና ካለች፣ ይህ ጽሑፍ ለእርስዎ ነው። ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በተቆረቆረችው በዚህች ደጋ ከተማ ክረምቱ ብርቱ ነው፤ እርጥበቱም እንደዚሁ። ቆርቆሮውን ዝገት ሲበላው ዓይን ያየዋል። በቆርቆሮው ውስጥ ለውስጥ የሚሄደውን ሽቦ የሚበላውን ግን ማንም አያየውም።

መኪና ትታደስ ሲባል ባለቤትዎ መጀመሪያ የሚያነሡት ነገር ምናልባት ቀለም ይሆናል። ቀለም ያምራል፣ ጎረቤት ያየዋል። እኛ ግን ከቀለሙ በፊት ሽቦው ይታይ እንላለን። ምክንያቱ ቁንጅናን መናቅ አይደለም። ሽቦ ለመለወጥ ወንበሩ ይነሣል፣ ምንጣፉ ይገለበጣል፣ ኮፈኑ ይከፈታል፣ መብራቶቹ ሁሉ ከቦታቸው ይወጣሉ። ይህ ሁሉ በአዲስ ቀለም ላይ ሲደረግ ቀለሙ ይጫራል፤ ገንዘቡም ሁለት ጊዜ ይወጣል።

ሁለተኛውና ዋናው ምክንያት ልጆችዎ ናቸው። በቮልስ ውስጥ ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላው ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው። ልጆች የሚቀመጡት እዚያው ላይ ነው። ወንበሩ በብረት ሞላ የተሠራና በቃጫ መሰል ነገር የተሞላ ስለ ሆነ፣ የባትሪው መክደኛ ከጠፋ ከባድ ሰው ሲቀመጥበት ሞላው ወርዶ የባትሪውን ጫፎች ይነካል። ያን ጊዜ ብረቱ ይግላል፣ ቃጫውም ይቀጣጠላል። የነዳጁ ጋን ደግሞ ከፊት፣ በኮፈኑ ሥር ነው፤ የዳሽቦርዱ ሽቦዎች ከጀርባው ተቃቅፈው ያልፋሉ። እንግዲህ ከፊትም ከኋላም ሽቦው ጤነኛ ካልሆነ ቤተሰቡ የተቀመጠው በምን መካከል እንደ ሆነ ያስቡት።

ሽቦ ለምን ያረጃል? መዳቡ ራሱ ቶሎ አይሞትም። የሚሞተው ልባሱ ነው። ፕላስቲኩ በሞተር ሙቀት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በቆመች መኪና ውስጥ አይጥ ጎጆ ትሠራለች፣ ሽቦም ትቆረጥማለች። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን የሰው እጅ ነው። በሃምሳና በስድሳ ዓመት ውስጥ አንዱ ባለሙያ ሬዲዮ ሲያስገባ፣ ሌላው ክላክስ ሲቀጥል፣ ሦስተኛው ያገኘውን ሽቦ በጥርሱ ልጦ በናስትሮ ሲጠቀልል ኖሯል። ፊውዝ ሲቃጠል የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ የሚመልስም አለ። ፊውዝ የተሠራው ሽቦው ከመጋሉ በፊት እርሱ ቀድሞ እንዲቃጠል ነው። በብልጭልጭ ወረቀት ከተተካ የሚቃጠለው ሽቦው ይሆናል። በቮልስ የፊውዝ ሳጥን ውስጥ ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16 አምፔር ነው። ሳጥኑን ከፍተው በነጩ ቦታ ቀይ ወይም ወረቀት የተጠቀለለበት ካዩ፣ መኪናዋ ላይ ምን ሲሠራባት እንደ ኖረ ያውቃሉ።

በመኪና ሽቦ ላይ የመጀመሪያዋን ጥገና ካደረጉት ሰዎች አንዷ ሴት መሆኗን ስንቶቻችን እናውቃለን? እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1888 ጀርመናዊቷ ቤርታ ቤንዝ ባሏ ካርል የሠራውን ባለ ሦስት እግር መኪና፣ ለእርሱ ሳትነግረው ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ፣ ከማንሃይም እስከ ፎርትስሃይም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘችበት። በመንገድ ላይ የማቀጣጠያው ሽቦ ልባሱ ተልጦ ሲያስቸግራት የእግር ሹራቧን ማሰሪያ ፈትታ ሸፈነችው። የተዘጋውን የነዳጅ ቧንቧም በባርኔጣዋ መርፌ ከፈተችው። ዛሬም ቢሆን ለዓለም መኪኖች የሽቦ ጥቅል በእጅ ከሚያስሩት ሠራተኞች ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 ጦርነቱ በምዕራብ ዩክሬን ያሉትን የሽቦ ፋብሪካዎች ሥራ ባስተጓጎለ ጊዜ፣ በጀርመን የሚገኙ ትላልቅ የመኪና ፋብሪካዎች ሽቦ አጥተው ሥራ ማቆማቸው አይዘነጋም። «ይህ የወንድ ሥራ ነው» የሚል ቢገጥምዎ ይህን ይንገሩት።

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ። ባለሙያው «የተቃጠለውን ብቻ ቆርጬ ልቀጥል» ማለቱ አይቀርም። አንድ ቦታ ብቻ የተጎዳና ሌላው ልባሱ ገና የሚተጣጠፍ ከሆነ እውነቱን ነው። ሽቦውን በጣትዎ ሲያጥፉት ልባሱ እንደ ደረቅ እንጀራ ከተሰበረ ግን ጥገናው ቁምጣን በቁምጣ መጣፍ ነው። ሙሉውን ይለውጡ።

ከሁሉ በፊት የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታል። ከዚያ ምንም ነገር ሳይቆረጥ እያንዳንዱ የሽቦ ጫፍ በስልክ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ በፕላስተር ቁራጭም ምልክት ይደረግበት። የቮልስ ሽቦ ያለ ፊደል የሚነበብ ነው። ቀዩ ሁልጊዜ ከባትሪ ኃይል ያለበት፣ ጥቁሩ ቁልፍ ሲዞር ኃይል የሚያገኘው፣ ቡናማው ወደ ቦዲው የሚታሰረው ኔጋቲቭ ነው። በመብራቶቹና በማብሪያዎቹ ላይ የታተሙት ቁጥሮችም ትርጉም አላቸው፤ 30 ከባትሪ፣ 15 ከቁልፍ፣ 31 ኔጋቲቭ፣ 50 ሞተሪኖ፣ 54 የፍሬን መብራት። ይህን የሚያውቅ ሰው ሥዕላዊ መግለጫውን እንደ ጋዜጣ ያነበዋል።

አሮጌው ጥቅል ሲወጣ አይጣል። ልብስ ሰፊ አሮጌውን ቀሚስ ፈትቶ ለአዲሱ ልኬት እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ጥቅሉን በሰፊ ጣውላ ላይ ዘርግተው ቅርንጫፎቹን በሚስማር ያዙና አዲሱን ሽቦ በዚያው ልክ ይቁረጡ። በቦዲው ውስጥ ተደብቆ በሚያልፈው በኩል ግን አሮጌው ከመውጣቱ በፊት ጠንካራ ሲባጎ ይታሰርበት፤ አሮጌው ሲወጣ ሲባጎው በቦታው ይተካና አዲሱን ይስባል። ይህን የረሳ ሰው ሁለት ቀን ሲያምጥ ይውላል።

ለሽቦ ግዢ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚሄድ ዘመድ ካለ ይላኩት፣ ግን በቃል አይላኩት፤ ቁራጭ አስይዘው ይላኩት። የቤት ኢንስታሌሽን ሽቦ ርካሽ ነው ብሎ እንዳያመጣ አደራ። እርሱ አንድ ወፍራም ዘንግ ስለ ሆነ በመኪና ንዝረት ይሰበራል፤ የመኪና ሽቦ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተጎነጎነ ነው። ውፍረቱም ይለያያል፤ ለፍሬቻ 1 ሚሊ ሜትር ካሬ ሲበቃ፣ የባትሪው ዋና መስመር 4 ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። መኪናዋ የቀድሞዋ ባለ 6 ቮልት ከሆነች ደግሞ ይህ ነገር ይብሳል። አንድ 45 ዋት የፊት መብራት በ12 ቮልት 3.75 አምፔር ሲስብ፣ በ6 ቮልት 7.5 ይስባል። ቀጭን ሽቦ ያስገባ ሰው መብራቱ ደብዛዛ ሆኖበት አምፖል ሲለውጥ ይኖራል።

ኔጋቲቩ የሚታሰርበት ቦታ ሁሉ በሸካራ ወረቀት እስኪያበራ ይፋቅ። እርጥበት ባለበት አገር ደብዝዞ የሚበራ መብራትና ሲፈልገው የሚሠራ ፍሬቻ ብዙ ጊዜ መነሻቸው ከዚህ የዛገ ቦታ ነው። ሽቦው በቆርቆሮ ቀዳዳ በሚያልፍበት ሁሉ የጎማ ቀለበት ይግባ፤ አለዚያ ስለታሙ ጠርዝ በጥቂት ወራት ይገዘግዘዋል።

የአገው ምድር ሰው ጥር 23 ቀን ለፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ከመውረዱ በፊት ልጓሙንና የኮርቻውን መቀነት ሳያይ አይወጣም። ለሽቦውም እንዲህ ያለ ማረጋገጫ አለ፤ ርካሽም ነው። ቁልፉና ማብሪያዎቹ ሁሉ ተዘግተው ሳለ፣ የባትሪውን ፖዘቲቭ ገመድ በቀጥታ ከማሰር ይልቅ አንድ ትንሽ አምፖል በመካከል ይግባ። አምፖሉ ከበራ ኃይል የሚያፈስ ሽቦ አለ ማለት ነው፤ ይፈለግ። ካልበራ ገመዱ ይታሰር፤ ከዚያም መብራቶቹ፣ ክላክሱና የዝናብ መጥረጊያው አንድ በአንድ ይሞከሩ። እርስዎ ከኋላ ቆመው የፍሬን መብራቱን ይዩ፤ ሾፌሩ «ይሠራል» ስላለ ብቻ አይመኑ።

የኋላው ወንበር ከመመለሱ በፊት ለባትሪው መክደኛ ይደረግለት። የፋብሪካው ከጠፋ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ወፍራም ጎማ ተቆርጦ በቀበቶ ይታሰር። ከዚያ ወንበሩ ይመለስ፤ መጀመሪያም አዋቂ ሰው ይቀመጥበትና ጥቂት ይወዝወዘው። ቀለም ቀቢው ከዚያ በኋላ ይጠራ።